መቅኔ የሰጠችውንስ ማን ጠየቃት?

ባለፈው ሳምንት ፖስታ ቤት ጋ አንድ የድሮ ጎረቤታችንን አገኘኋቸው። «ወንድምሽ እንዴት ሆነልሽ?» አሉኝ። ደህና ነው አልኳቸው። «ተመስገን» ብለው ታክሲያቸውን ተሳፈሩ። ስለ እኔ ምንም አላሉም። አልፈርድባቸውም። ህንድ የሄድነው ለእሱ ነው፤ የደም ካንሰር የያዘው እሱን ነው። ዕቁቡም መዋጮውም ለእሱ ወጣ። እኔ መቅኔ ሰጪ ብቻ ነበርኩ።

የአንድ እናትና አባት ልጆች መቅኔያቸው ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድሉ 25 በመቶ ነው። ከእኛ ቤት የእኔ ገጠመ። አሁን አብዛኛውን ጊዜ ዳሌ አይበሳም። ለ5 ቀን ያህል ፊልግራስቲም የሚባል መርፌ ይወጉሻል። ደም የሚሠራው ስቴም ሴል ከመቅኔው ወጥቶ ደም ውስጥ ይበዛል። ከዚያ ደምሽ በአንድ ክንድ ይወጣል፣ ማሽኑ ሴሎቹን ይለያል፣ የቀረው በሌላኛው ክንድ ይመለሳል። የሚያመው መርፌው ነው። ወገቤና ጭኔ ከውስጥ የሚፈነዳ ነበር የሚመስለኝ። በሳምንቱ ተወኝ።

አክስቴ ግን እስከ ዛሬ «መቅኔዋን አስቀድታ» እያለች ከንፈሯን ትመጥጣለች። በረከት ያጣን ገንዘብ እንኳ መቅኖ የለውም እንላለን፤ ብትፈራ አይገርምም። የተቀዳው ግን በሳምንታት ውስጥ ይተካል። ለጋሾችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶችም ካንሰር ከሌላው ሰው በላይ ሲይዛቸው አላዩም።

ይህ የታወቀው ግን ለጋሾቹን የሚጠይቅ ሰው ስለነበረ ነው። በዓለም የመቅኔ ለጋሾች መዝገቦች ላይ ከ40 ሚሊዮን በላይ ፈቃደኞች አሉ። ጥሩ መዝገብ፣ ለማያውቁት ሰው የሰጡትን ከዓመታት በኋላም እየደወለ «እንዴት ነህ?» ይላል። ለወንድሟ የሰጠችውን እህት ማን ይደውልላት? እኔ ከሆስፒታሉ ስወጣ የያዝኩት አንድ ገጽ ወረቀት ነው። አዲስ አበባ ከተመለስን ጀምሮ የወንድሜ ፋይል እየወፈረ ነው። የእኔ ከነጭራሹ አልተከፈተም።

ነገሩ የሰጪው ጉዳይ ብቻ አይደለም። በሽታው ቢመለስ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ ሌላ ሴል የሚፈልጉት ከዚያው ሰጪ ነው። ያኔ ጤናዬ የት እንደደረሰ ከዜሮ ሊጀምሩ ነው? ወንድሜ ለክትትል በሚቀርብበት ቀን፣ በዓመት አንዴ፣ ለእኔም ሲቢሲ፣ ማለትም የደም ሴሎች ቆጠራ፣ ቢታዘዝልኝ ምን ይጎዳል?

ባለፈው ወር በራሴ ገንዘብ ላቦራቶሪ ገባሁ። «ምን አሞሽ ነው?» አለኝ ልጁ። ምንም አልኩት። «ማን አዘዘልሽ ታዲያ?» ማንም። ትንሽ አየኝና ክንዴን አሰረ።