አብሽር፣ አሞራ ይበላዋል

የወሎ ሰው ደግነት ለሰው ብቻ አይደለም፤ ለሰማይ ወፍም ይተርፋል። ማስረጃ የፈለገ በበዓል ማግስት ደሴ መጥቶ ወደ ቦርከና ዳር ወረድ ይበል። አንጀቱ፣ ፈርሱ፣ ቀንዱ፣ ሰኮናው፣ ገዢ ያጣው ቆዳ ሳይቀር በማዳበሪያ ታጭቆ ይዘረገፋል። "እዚህ ይጣላል እንዴ?" ብሎ የሚጠይቅ እንግዳ ብቻ ነው። መልሱን ሕፃን ያውቀዋል፦ "አብሽር፣ አሞራ ይበላዋል።"

ይበላ ነበር እኮ። እኛ ተጋብተን፣ ተዋልደን፣ ሠርጉንም ለቅሶውንም አብረን ውለን፣ ሥጋ ላይ ስንደርስ ግን ሁለት ቢላ፣ ሁለት ድስት ነው። የክርስቲያን ነው የሙስሊም ሳይል ከሁሉም ቤት የሚቆርሰው አሞራ ብቻ ነው። የመቻቻል ሽልማት የሚሰጥ ኮሚቴ ካለ ስሙን ይመዝግብልን።

ሥራውም ጥንቅቅ ያለ ነው። በአባ ሰንጋ የሞተ ከብት በልቶ ምንም አይሆንም፤ የጨጓራው አሲድ አይጣል ነው። ደመወዝ የለ፣ አበል የለ።

ታዲያ ውለታውን እንዴት ከፈልን? የሰፈራችን ብልሃት የሚታየው እዚህ ላይ ነው። የጣልነው ትርፍራፊ ውሻ ያበዛል። ውሻው ሌሊት ሲጮህ ያድራል፣ በግ ይነክሳል። ያኔ አንድ አሳቢ ጎረቤት ይነሳል። ሥጋ ይገዛል፣ በዚህ ኑሮ! መርዝ ይለውስበትና ማታ ገደሉ አፋፍ ላይ ያኖረዋል። ጠዋት ውሻው ተዘርሮ ይገኛል። ሬሳውን ማን ያንሳ? አብሽር፣ እሱንም አሞራ ይበላዋል።

አሞራ ደግሞ ብቻውን መብላት አይሆንለትም። አንዱ ዝቅ ሲል ሌላው ከሩቅ አይቶ ይከተላል፤ እሱን ደግሞ ከማዶ ጋራ ያለው ያየዋል። በአፍታ አገሩ ሁሉ እዚያው ነው። መርዝ እንዲህ ሲሆን ይበረክታል። በፈረንጆቹ 2019 ቦትስዋና ውስጥ መርዝ የተለወሰባቸው ሦስት የዝሆን ሬሳዎች 537 ጥንብ አንሳ ፈጅተዋል። ለዚህ ሥራ ዝሆን ማባከን ምን አመጣው? ደሴ ድረስ መጥተው ቢማሩ ውሻም ይበቃቸው ነበር።

ሩፔል የሚሉት የገደል ጥንብ አንሳ አለ። በፈረንጆቹ 1973 አቢጃን ሰማይ ላይ፣ 11,300 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከአውሮፕላን ጋር የተጋጨው የእሱ ዘር ነው። እዚያ ድረስ የሚወጣን ወፍ በአንድ ጉርሻ መሬት ማውረድ ቀላል ሙያ አይደለም። በዓመት የሚጥለውም አንድ እንቁላል ነው፤ ስለዚህ የጎረቤታችን ልፋት ቶሎ ፍሬ ያፈራል። እሱና ሌሎች ሦስት የአፍሪካ ጥንብ አንሳዎች በፈረንጆቹ 2015 በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ የተቃረቡ ተብለው ሰፍረዋል። በዓለም መዝገብ መስፈር ስንቱ የሚመኘው ነገር ነው!

ከአራቱ አንዷ ቄራ ቆርቆሮ ላይ የምትቀመጠው ትንሿ ቡናማ ናት። ቀረብ ብላችሁ እዩአት። ከአናቷ እስከ ማጅራቷ ስስ ነጠላ የተከናነበች ትመስላለች። ፊቷ ራቁቱን ነው፣ ፈዛዛ ሮዝ። ቁራጭ ሥጋ ላይ ስትሻማ ቦግ ብሎ ይቀላል። በዚህ ሁሉ ጉዳይ ፊቱ ሲቀላ ያየሁት እሷን ብቻ ነው።

ደግነታችን ከከተማም ያልፋል። ላስታ ውስጥ፣ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍ ባለው አቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ቀይ ቀበሮ አለ። ከእኛ አገር በቀር የትም የለም፤ አዋቂው ሁሉ ቢቆጠር 500 አይሞላም። የሚፈጀው ደግሞ ከውሻ የሚይዘው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ሕንድ ውስጥ ለከብት በሚሰጥ የሕመም ማስታገሻ ሰበብ አሞራው አለቀና ውሻ አገሩን ሞላው፤ በሽታውም ተከተለ። እነሱ ሳያውቁ ነው፤ እኛ ግን አስበንበት፣ ከኪሳችን አውጥተን ነው።

ዘንድሮ ከፋሲካ በኋላ የወንዙ ዳር ክምር ሳይነካ ሰነበተ። ሰፈርተኛው አፍንጫውን ይዞ መላምቱን ያወርደው ጀመር። አንዱ "ጅዳ ሄደው ይሆናል፣ ከወሎ ያልሄደ ማን አለ?" አለ። እትየ በበኩላቸው "የለም፣ ቢጾሙ ነው" ብለው ማዳበሪያቸውን ክምሩ ላይ ደፉ። ከሁሉም የከፋው ያ አሳቢ ጎረቤታችን ነው። ያነጠፈው ውሻ በሩ ላይ ሸቶበታል። ሽቅብ እያየ "ስንት ዓመት አብልቻቸው!" ይላል፤ "የአሞራ ነገር፣ ውለታ አያውቅም!"