ሻይ የያዘችው ነርስ እኔ ነኝ

ባለፈው ክረምት ፌስቡክ ላይ ስትዞር የነበረችውን ቪዲዮ አይታችኋት ይሆናል፣ ደሴ ያላችሁ ማለቴ ነው፣ ድንገተኛ ክፍል በር ላይ አስታማሚ ተኮልኩሎ አንዲት ነርስ ሻይ ይዛ ከጓደኛዋ ጋር ስትስቅ። እኔ ነኝ። ፊቴ በደንብ አይታይም ግን ለሚያውቀኝ ይበቃል፣ ሰኞ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ልጅ ሳትቀር "ሲስተር ያቺ አንቺ ነሽ አይደል?" አለችኝ፣ ሽንኩርቱን እየመዘነች።

ቪዲዮዋ ሀያ ሰከንድ አትሞላም። ከሷ በፊት የነበረው ሌሊት አይታይም፣ ሀረጎ ላይ በጉም መኪና ተጋጭቶ የመጡት ሰዎች አይታዩም፣ ሻይዋ ከመሸ የቀመስኳት የመጀመሪያ ነገር መሆኗም አይታይም። ይሄን ሁሉ ለባሌ ነግሬዋለሁ፣ ለእናቴም፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደሞ በሀሳቤ ለኮመንት ሰጪዎቹ አንድ ባንድ መልስ ስሰጥ አድሬያለሁ። ምን ዋጋ አለው፣ "አረመኔ" ብሎ የጻፈው ሰውዬ ጽፎ ተኝቷል፣ ያልተኛሁት እኔ ነኝ።

ቆይቼ ሳስበው ግን የቀረጸው ልጅ "ከኛ በኋላ የመጣ ለምን ይቀድመናል?" ብሎ የጠየቀው ጥያቄ ልክ ነበር። አባቱን ይዞ መጥቶ ቁጭ ብሏል፣ ከሱ በኋላ የመጡ ሰዎች እየገቡ ነው፣ በዘመድ ነው ብሎ ቢያስብ ምን ይገርማል። ድንገተኛ ክፍል ወረፋው በመምጣት አይደለም፣ ትሪያጅ ላይ፣ ማለትም በሽተኛው ሲመጣ ማን ይቅደም የሚለው የሚለይበት ቦታ፣ ትንፋሽ፣ የልብ ምት፣ ፕሬዠር፣ ሙቀትና ንቃት ይታይና ቀለም ይሰጣል፣ ቀይ ወዲያው ይገባል፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ ውስጥ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ እስከ 4 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል። በወረቀት ነው እንግዲህ፣ አልጋ ሲሞላ ሰዓቱ ይንሸራተታል። የሚጮኸው ሰው እጁ ተሰብሮ ሊሆን ይችላል፣ ጥግ ላይ ዝም ያለው ደሞ ስኳሩ ጣራ ነክቶ ራሱን ሊስት ነው፣ ስለዚ ዝም ያለው ይቀድማል። የልጁ አባት ቢጫ ነበሩ። ይሄን ግን ማንም አልነገረውም፣ እኔም አልነገርኩትም። እኛ የምናውቀውን ሁሉ ሰው የሚያውቅ ይመስለናል።

በ2014ቱ ጦርነት የደሴና የኮምቦልቻ የጤና ተቋማት ተዘርፈው እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን፣ ይሄንን ግን ለሁሉም ነገር መልስ እያደረግን መቀጠል የለብንም። አልጋ ባይኖር እንኳ "አባትህ ቢጫ ናቸው፣ ከፊታቸው ሶስት ሰው አለ" ለማለት አልጋ አያስፈልግም። (ቀረጻውን ግን አልወደድኩትም፣ ስለኔ አይደለም፣ ከኋላዬ ትከሻዋ የተገለጠ በሽተኛ ሴት አለች፣ እሷን ማን ጠየቃት?)

የባሰው የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ኢንሱሊን ስሰጥ ሶስት ጊዜ እያየሁ፣ የህፃን ደም ስር ስፈልግ እጄ እየተንቀጠቀጠ፣ ከዛ አንድ የቆየ ነገር ተነሳብኝ፣ ከወራት በፊት ቢጫ ብዬው ሌሊት ላይ የደከመ ወጣት ነበር፣ ተረፈ አልሃምዱሊላህ፣ ግን እኔ ነኝ እዛ ያደረስኩት እያልኩ ነበር። ኮመንቶቹ "ድሮም እናውቅሽ ነበር" የሚሉኝ መሰለኝ።

አልበርት ዉ የሚባል አሜሪካዊ ሀኪም እ.ኤ.አ በ2000 ለእንዲህ አይነቱ ባለሙያ "ሁለተኛ ተጎጂ" የሚል ስም አውጥቷል፣ በስህተት ምክንያት በሽተኛው ይጎዳል፣ ከሱ ቀጥሎ የሰራው ሰው ይጎዳል ነው ነገሩ። ስሜቱን በደንብ ይዞታል፣ ስሙ ግን አይጥመኝም፣ ልጇን ቀብራ ከተመለሰች እናት ፊት ቆሜ እኔም ተጎጂ ነኝ ልላት ነው?

እኔን ያገዘችኝ ክፍላችን ውስጥ ያለች አንዲት ትልቅ ነርስ ናት። "አብሽሪ" ብላ ብቻ አልተወችኝም፣ የዚያን ወጣት ካርድ አስወጥታ "ነይ አብረን እናንብበው" አለችኝ። ሰዓት በሰዓት አየነው። ቢጫ ማለቴ ልክ ነበር፣ ሲመጣ የተለካው ቁጥር ቢጫ ነው የሚለው። ስህተቴ ሌላ ቦታ ነበር፣ በየሰዓቱ መለካት ሲገባኝ ሁለተኛውን የለካሁት በግማሽ ሰዓት ዘግይቼ ነው። ደነገጥኩ፣ ግን ቀለለኝም፣ ስንት ወር ራሴን የቀጣሁበት ነገር ጥፋት አልነበረም፣ የነበረው ጥፋት ደሞ መጠን ነበረው፣ ሰዓት ሞልቼ የማስተካክለው ነገር ነው። አሁን ዲዩቲ ስገባ መጀመሪያ የማደርገው ስልኬ ላይ አላርም መሙላት ነው።

አለቆቻችን ቢሰሙኝ ይሄንን ነው የምጠይቃቸው፣ ከባድ ሌሊት ካለፈ በኋላ ካርዱን ይዞ አብሮ የሚቀመጥ ሰው መድቡልን። የተደረገው ግን ለኔ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ፣ ለበሩ ደሞ "ቀረጻ ክልክል ነው" የሚል ወረቀት ነው፣ ወረቀቱም በሁለተኛው ሳምንት ተገንጥሎ ወደቀ።

እኔ በበኩሌ በር ላይ ቆሜ ቀለሙንና የሚጠብቁትን ሰዓት መናገር ጀምሬያለሁ። አንዳንዱ ይመርቀኛል፣ አንዳንዱ ሰበብ ነው ይለኛል። ባለፈው አንዱ ሳስረዳው ስልኩን ደግኖ ሲቀርጸኝ ነበር፣ እስካሁን የትም ሲለጠፍ አላየሁም።