እንክብሉ የትኛውን ጂን እንደሚያናግር ጠይቁ

የአንቲኦክሲዳንት፣ ማለትም ሕዋስን ሊጎዱ የሚችሉትን ኦክሲዳንት የተባሉ ኬሚካሎች የሚያከሽፍ ንጥረ ነገር፣ እንክብል ሻጮች አዲስ ቃል ለምደዋል፦ ኢፒጄኔቲክስ፣ ማለትም የጂኑ ፊደል ሳይለወጥ የጂኑ ሥራ የሚለወጥበት መንገድ። እንክብሉ ጂኖቻችንን እያስተካከለ ብግነትን፣ ማለትም የሰውነትን መቆጣት፣ ያበርዳል ይሉናል። ነገሩ ጨርሶ ውሸት ቢሆን መልሱ ቀላል ነበር። የሚያስቸግረው ግማሹ እውነት መሆኑ ነው።

ዲኤንኤያችን ላይ ሜቲል የሚባሉ ጥቃቅን ኬሚካሎች ይለጠፋሉ። የጂኑ ፊደል አይለወጥም፤ ሜቲል የበዛበት ጂን ግን ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ይህን ልጣፊ የማንሳቱን ሥራ የሚጀምሩት ቴት የተባሉ ኢንዛይሞች ናቸው። ከአንቲኦክሲዳንቶቹ አንዱ የሆነው ቫይታሚን ሲ ደግሞ ያበረታቸዋል። ይህ እ.ኤ.አ. በ2013 በአይጥ የፅንስ ግንድ ሕዋሳት ላይ ታይቷል። ቫይታሚን ሲን ከጉንፋን ጋር ብቻ ለማውቀው ለእኔ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ደስ የሚል ግኝት ነው።

ግን ቫይታሚኑ ብግነት የሚያቀጣጥለውን ጂን ከሚያበርደው አይለይም። ልጣፊው ሲነሳ የትኛው ጂን እንደሚናገር የሚወስኑት የሕዋሱ ዓይነትና ያለበት ሁኔታ ናቸው። «ኢፒጄኔቲክ ለውጥ ያመጣል» የሚለው ብቻውን ምስጋና አይደለም። የሲጋራ ጭስም ያመጣል እኮ!

ደግሞ ኦክሲዳንት ሁሉ ጠላት አይደለም። ሰውነት እንደ መልእክተኛም ይጠቀምበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣ ጥናት፣ ጤነኛ ወጣት ወንዶች ለ4 ሳምንት ስፖርት ሠሩ። ገሚሶቹ በየቀኑ 1000 ሚሊግራም ቫይታሚን ሲ ከቫይታሚን ኢ ጋር ወሰዱ። ስፖርቱ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያሻሻለው እንክብሉን ባልወሰዱት ላይ ነበር። በወሰዱት ላይ በዚህ ረገድ ላቡ ከንቱ ቀረ ማለት ነው።

ከዚህ የከፋም አለ። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 አጫሽ ወንዶች በተሳተፉበት ሙከራ፣ ቤታ ካሮቲን የተባለው፣ ካሮት ውስጥ የሚገኝ አንቲኦክሲዳንት ካንሰርን ይከላከልልናል ተብሎ ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1994 ውጤቱ ሲወጣ፣ በወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር ካልወሰዱት በ18 በመቶ በልጦ ተገኘ። ያኔም ከጀርባው ያለው ሐሳብ አሳማኝ ነበር።

ስለዚህ ሻጩን የምጠይቀው ሕዋስ ውስጥ ምን እንደታየ አይደለም። የወሰዱት ሰዎች ካልወሰዱት ያነሰ ታመሙ ወይ?

ቫይታሚን ሲ በጣም ያነሰው ሰው ጉዳይ ሌላ ነው። ድዱ ይደማል፤ ቁስሉ አልድን ይላል። ለእሱ እንክብሉ መድኃኒት ነው። ማስታወቂያው የሚያናግረው ግን እሱን አይደለም።