የሂውስተኑ ቀዳዳ ጣሪያ

እኛ አገር ጣሪያ ሲቀደድ ክረምት ሳይገባ ቆርቆሮ የሚመታ ሰው ይፈለጋል። ሂውስተን በሚገኘው ራይስ ዩኒቨርሲቲ ግን ሆን ተብሎ በተቀደደ ጣሪያ ሥር ለመቀመጥ ሰው ጀንበር ሳትጠልቅ ቀድሞ ይደርሳል። ከአገር ቤት የመጡትን አክስቴን ይዤ ሄጄ ነበርና ቀና ብለው አይተው፣ «ልጄ፣ ሳይጨርሱት ነው እንዴ ያስገቡን?» አሉኝ።

ሥራው የአሜሪካዊው አርቲስት ጄምስ ተሬል ሲሆን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ከሣር ጉብታ በላይ፣ እያንዳንዱ ጎኑ 22 ሜትር ያህል የሆነ ስስ ነጭ ጣሪያ ተዘርግቷል፤ መሐሉ ላይ ጎኑ ከ4 ሜትር ጥቂት የሚበልጥ አራት ማዕዘን ቀዳዳ አለ። የቀዳዳው ጠርዝ እንደ ምላጭ በመሳሳቱ ሰማዩ ርቀቱ ይጠፋና በጣሪያው ላይ የተወጠረ ጨርቅ ይመስላል። ሲመሽ መብራቶች ጣሪያውን ቀስ በቀስ ሮዝ፣ ከዚያም ሐምራዊ ያለብሱታል፤ ሰማዩን ማንም ሳይነካው፣ ዐይናችን ከጣሪያው ቀለም ጋር ስለሚያነጻጽረው ብቻ፣ አንዴ አረንጓዴ፣ አንዴ የጠቆረ ሰማያዊ ይሆናል። መቶ ያህል ሰው ትንፋሹን ውጦ ተቀምጦ ሳለ የጮኸው ስልክ፣ እንደ ፈራሁት፣ የእኔው ነበር።

እኔን ያንገበገበኝ ግን አክስቴ ስንወጣ የተናገሩት ነው። ላሊበላ ላይ ገናን ያከበሩት አብያተ ክርስቲያናቱን ከዝናብ የሚከልለው መጠለያ ሳይሠራ በፊት ነበርና፣ ቤተ ማርያም ግቢ ቆመው፣ በአለቱ አፋፍ ላይ ቤዛ ኩሉ የሚሉት ካህናት ነጭ ልብሳቸው ከሰማዩ ጋር ተጋጥሞ እንደታያቸው ነገሩኝ። በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ የተሠሩት መጠለያዎች እ.ኤ.አ. በ2008 አልቀዋል፤ ድንጋዩን ዝናብ እንዳይበላው መከለል ግድ እንደ ነበር ባውቅም፣ ሂውስተን ሰማይ ለማስገባት ጣሪያ ሲቀድ እኛ ሰማይ ያለውን ግቢ ጣሪያ ማልበሳችን ይከነክነኛል።

ይሁንና መጠለያውን ለመውቀስ እኔ ማን ነኝ? መጠለያ በሌለው በቤተ ጊዮርጊስ ጉድጓድ ውስጥ፣ 12 ሜትር ያህል ከፍታ ባለው ግድግዳ ሥር ቆሜ፣ አንድ ጊዜ እንኳ ቀና አላልኩም። ማታ ቤት ገብተን አክስቴ የላሊበላ ፎቶዎቼን እንዳሳያቸው ጠየቁኝ፤ ሁሉም ላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ከጀርባዬ ደግሞ ድንጋይ።