እርማት፦ መርህ መጣስ ሁሌ ስህተት አይደለም

ፈላስፋው ፖል ግራይስ ስለ ንግግር ስላስቀመጣቸው መርሆች እዚህ ደጋግሞ የተጻፈው «በግራይስ መርሆች መተንተን ማለት ተናጋሪው የቱን እንደጣሰ ለይቶ ስህተቱን ማሳየት ነው» የሚል ነው። የተለመደ ሐሳብ ቢሆንም ትክክል አይደለም። የመጠን (የሚበቃውን ያህል መናገር)፣ የእውነት (እውነቱን መናገር)፣ የተዛምዶ (ከጉዳዩ ጋር የሚገናኝ ነገር መናገር) እና የአገላለጽ (ግልጽ አድርጎ መናገር) መርሆች አድማጭ ያልተነገረውን እንዴት እንደሚደርስበት ማብራሪያ እንጂ የጨዋነት ደንብ አይደሉም።

ሐዋሳ መናኸሪያ «የሻሸመኔ መኪና አለ?» ተብሎ «ምሳ ሰዓት እኮ ነው» የሚል መልስ ቢመጣ፣ ላይ ላዩን ተዛምዶ ተጥሷል። ጠያቂው ግን «ለጊዜው የለም» ብሎ ይረዳል። «ተጥሷል» ብሎ የሚያቆም ተንታኝ ዋናውን መልእክት ጥሎት ሄደ።

ለማጣራት መልሱ ላይ «ግን አንድ አለ፣ ግቡ» ብላችሁ ጨምሩ። ንግግሩ እርስ በርሱ ካልተጋጨ፣ «የለም» የሚለው ከቃላቱ ሳይሆን ከዐውዱ የመጣ እንድምታ (ሳይነገር የሚተላለፍ መልእክት) ነው። አድማጭን ለማሳሳት በስውር የሚደረግ ጥሰት፣ እንደ ውሸት ያለው፣ ለብቻው ይታይ።