እርማት፦ ሲናፕስ ምልክት ሳይደርሰውም ይለቃል

ደጋግሞ የሚነሳው ሐሳብ ባጭሩ ይህ ነው፦ የነርቭ ሴል በሲናፕስ (ከቀጣዩ ሴል ጋር በሚገናኝበት ቦታ) ኒውሮትራንስሚተር (መልእክት አድራሽ ኬሚካል) የሚለቀው የኤሌክትሪክ ምልክት ሲደርሰው ብቻ ነው፤ ስለዚህ በሲናፕስ የሒሳብ ሞዴል ውስጥ ምልክት በሌለበት ጊዜ ልቀቱ ዜሮ ይሁን፤ በልኬት ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ሞገዶችም የመሣሪያ ጫጫታ ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍት ሥዕል እንዲህ ስለሚያስመስለው ስሕተቱ አይገርምም።

ፖል ፋት እና በርናርድ ካትዝ በ1952 (እ.ኤ.አ.) ባሳተሙት ጥናት፣ በእንቁራሪት ነርቭና ጡንቻ መገናኛ ላይ ነርቩ ሳይቀሰቀስ ግማሽ ሚሊቮልት ገደማ የሆኑ ለውጦች በዘፈቀደ እንደሚከሰቱ አሳይተዋል። ኩራሬ (የጡንቻውን ተቀባዮች የሚዘጋ መርዝ) ሲጨመር አነሱ፤ የዚህ መገናኛ ኒውሮትራንስሚተር የሆነውን አሴቲልኮሊንን የሚያፈርሰውን ኢንዛይም የሚገታ መድኃኒት ሲጨመር ደግሞ ገዘፉ። የመሣሪያ ጫጫታ ለመድኃኒት እንዲህ አይታዘዝም። በኋላ እንደታወቀው፣ እያንዳንዱ ለውጥ በመሠረቱ በነርቩ ጫፍ ኒውሮትራንስሚተር የምትይዝ የአንዲት ከረጢት ይዘት የሚያመጣው ነው።

ማረጋገጥ ለሚፈልግ፣ ቴትሮዶቶክሲን የተባለው መርዝ የሶዲየም መተላለፊያዎችን ዘግቶ ምልክቱን ያጠፋል፤ ጥቃቅኖቹ ሁነቶች ግን ይቀጥላሉ። ከዚያ የኒውሮትራንስሚተሩን ተቀባዮች የሚዘጋ መድኃኒት ሲጨመር ይጠፋሉ። ለሞዴል የተለመደው መነሻ የፖይሰን ሂደት (ሁነቶች እርስ በርስ ሳይተሳሰሩ በቋሚ አማካይ ፍጥነት በዘፈቀደ የሚከሰቱበት) ነው፤ በሁነቶቹ መካከል ያሉት ክፍተቶች አማካይና መደበኛ ልይይት ከተቀራረቡ ግምቱ ይሠራል። (በጅምላ የሚለቁ ሲናፕሶችም ስላሉ ሳያሰሉ ማመን አያዋጣም።)

ልቀቱን ዜሮ ያደረገ ሰው የሚያጣው ቀላል ነገር አይደለም። በአንድ ምልክት ስንት ከረጢት እንደተለቀቀ የሚገመተው የተቀሰቀሰውን ምላሽ ለእነዚሁ ጥቃቅን ሁነቶች አማካይ መጠን በማካፈል ነው። እነርሱን እንደ ጫጫታ አጣርቶ የጣለ ሰው የሚያካፍልበት ቁጥር አይኖረውም።