«ፋይን» ነኝ፣ ተቀጥቻለሁ

ባለፈው ሳምንት እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ ውስጥ እንጀራ ልገዛ ገባ ብዬ ስወጣ፣ ዝናብ መጥረጊያው ስር ወረቀት ተሰክቶ ጠበቀኝ። የፓርኪንግ ቅጣት። «ፋይን» ይላል፣ ከጎኑ ዶላሩ። ደርቄ እንደቆምኩ አንድ የሰፈሬ ፈረንጅ «ሃው አር ዩ?» አለኝ። «ፋይን!» አልኩት። እሱ ግን መልሴን ሳይሰማ አልፏል።

ቤት ስገባ ነገሩ ከነከነኝ። ደህንነትና ቅጣት በአንድ ስም? ለካ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። እናታቸው የላቲኑ «ፊኒስ» ነው፤ መጨረሻ ማለት። ተሠርቶ ያለቀለት፣ እንከን የሌለው ነገር «ፋይን» ተባለ። ክርክር እንዲያልቅ የሚከፈል ገንዘብም «ፋይን» ሆነ። ፋይናንስ ራሱ የመጣው ዕዳን ከመጨረስ ነው።

እንግሊዞች በፈረንጅ ከ1195 እስከ 1833 ድረስ በፍርድ ቤት ያለቀ የመሬት ስምምነትን በዚሁ ስም ይጠሩት ነበር። ውሉ አንድ ብራና ላይ ሦስት ጊዜ ይጻፍና በተጠማዘዘ መስመር ይቆረጣል። ሁለቱ ቁራጭ ለተዋዋዮቹ ይሰጣል፣ ግርጌው መንግሥት ዘንድ ይቀመጣል። ቁራጮቹ ካልገጠሙ አንዱ ፎርጅድ ነው። (የአዲስ አበባን የቦታ ካርታ ጣጣ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ ቢቀና አይፈረድበትም።)

ባለቤቴ ስንጨቃጨቅ «ፋይን!» ካለች ወሬው አለቀ። የጥንቱን ትርጉም ማንም ሳያስተምራት ይዛዋለች።

የባሰው የእናቴ ነው። ልትጠይቀን መጥታ ልጄን ልታጎርሰው እጇን ስትዘረጋ «አይ አም ፋይን» ይላታል። በቃኝ ማለቱ ነው።

«ምን አለ?»

«ደህና ነኝ ነው የሚለው።»

«ደህና ከሆነማ ይብላ እንጂ!»

የእኛም «ደህና» ቀላል ቃል አይደለም። ሥሩ የግዕዙ «ድኅነ» ነው፤ ዳነ፣ ተረፈ። አገር ቤት «ደህና ነህ?» ተብለህ አንዴ መልሰህ አትገላገልም። ስለ ልጆቹ፣ ስለ ቤቱ፣ ስለ ከብቱ ሳይቀር ትጠየቃለህ። ከክፉ መትረፍህን አንድ በአንድ እያጣሩ ነው መሰለኝ።

ማታ የፓርኪንጉን ነገር ለእናቴ አጫወትኳት። ስንት እንደሆነ ጠየቀችኝ፣ ወደ ብር መነዘረችውና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ውይ ልጄን! ደህና አድርገው ቀጡህ በለኛ!»